ቁጣ ወይስ ኀፍረት?

ሰው የሚሰማውን ስሜት በትክክል ለይቶ ያውቀዋልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ተቆጣሁ የሚል ሰው በውስጡ ያደረው ፍርሃት ወይም ኀፍረት መሆኑን ሳያጣራ ይነሣል፤ ይማታል፤ ይገድላል። ሳሎቬይና ማየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ለይቶ የማወቅ ችሎታ ስሜታዊ ብልህነት ብለው አቅርበውታል። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። አማርኛም ቢሆን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ ንዴት፣ ብስጭት፣ ቁጭትና ቂም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ንዴት ይበርዳል፤ ቂም ግን ለልጅ ይተርፋል።

ማሽላ አብቃይ በሆነው በራያ ቆቦ ሜዳ፣ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ ዘወልድ የተባለ የሽምግልና ሥርዓት አለ። ይህን መሰሉ ሽምግልና ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት በቅድሚያ በቀለኛውን መመርመር ያሻል። ወንድሙ የተገደለበት ሰው በንዴት ብቻ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ያበርደው ነበር። ነገር ግን በገበያው፣ በሰርጉና በለቅሶው ቤት የሚጠብቀው ዓይን አለ። ፉከራው ገዳይን ሲያወድስ፣ ደሙን ያልመለሰውን ስሙን ሳይጠራ ይሰድበዋል። (ለመድረክ ማሞቂያ ሲል ፉከራ የሚደረድር ጸሐፌ ተውኔት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።) እንግዲህ ጠመንጃውን ከግድግዳ የሚያስወርደው ከኀዘኑ ይልቅ ኀፍረቱ ነው።

ሽማግሌ ይህን ያውቃል። ስለዚህም አትቆጣ ብሎ አይመክርም፤ ይለምናል። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች እንደሚታየው በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ፣ ሽበታሙ ደጅ ሲጠና፣ ተበዳዩ በአደባባይ ከፍ ይላል። የተለመነ ሰው ነውና ቢተወው ፈራ የሚለው የለም። አሪስቶትል በተገቢው ሰው ላይ፣ በተገቢው ጊዜና መጠን የሚቆጣውን አመስግኗል፤ የመረመረው የአንዱን ሰው ጠባይ ነው። ሽምግልና ግን ተመልካቹን ጭምር ያክማል። የተደባደቡ ተማሪዎችን የሚያጨባብጥ መምህር፣ ስለ መቻቻል ስብሰባ የሚጠራ ካድሬም አንደኛው ወገን በሰው ፊት መዋረዱን ካላየለት ዕርቁ ከበሩ አያልፍም።

ይሁን እንጂ የሟች እናትና ሚስት አሉ። የዕርቁ ሸንጎ በአብዛኛው የወንዶች ነው። የእነርሱ ስሜት ከኀፍረት የመነጨ ስላልሆነ በክብር አይሽርም፤ ዝም ሲሉም ዝምታቸው ይቅርታ ተብሎ ይቆጠራል። ጦርነት በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ቆቦ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከብዷል። ገዳዩ ጎረቤት ባልሆነበት፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ በሌለበት ኀዘን ማን ማንን ይለምናል? ለእናቲቱ የቀራት ሙሾ ነው። በዕርቅ ማዕድ ላይ እንዳይነሣ የሚፈለገው ሁሉ፣ የልጇ ስም፣ ያረሰው መሬት፣ የወደቀበት ቀን፣ እዚያ ይጠራል።