ስለ ባሕርያት መዛባትና ስለ ፈቃደ ነፍስ

የጽርዕ ሐኪሞች «ዲስክራሲያ» የሚሉት ቃል ትርጓሜው ክፉ ቅልቅል ማለት ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌኖስ፣ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት በልክ ሲስማሙ ሰው ጤነኛ ይሆናል፤ አንዱ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ሲጐድል ግን ይታመማል ብሎ ያስተምር ነበር። የእኛም ሊቃውንት ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ስለሚያስተምሩ፣ ነገሩ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በቋንቋችንም ቍጡውን ደመ ሞቃት፣ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንላለን።

ይህ የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት ዛሬ በሕክምና ዘንድ ቀርቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም ፊርኮቭ የደዌ ሥር በሕዋሳት ውስጥ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ቃሉ ግን ለአንዳንድ የደም ሕመሞች መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል።

ዳሩ ግን ከቃሉ ጋር የመጣው ጥያቄ አልቀረም። ጋሌኖስ የነፍስ ጠባይ የሥጋን ቅልቅል ይከተላል ብሎ ነበርና፤ እንዲህ ከሆነ ቍጡው በቍጣው፣ ሰነፉም በስንፍናው ስለ ምን ይወቀሳል? በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበረው የኤሜሳ ኤጲስ ቆጶስ ኔሜስዮስ፣ ስለ ሰው ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፍ ከጋሌኖስ ሕክምና ብዙ ተቀብሎ ሳለ፣ ነፍስ የሥጋ ቅልቅል ናት የሚለውን አሳብ ተቃወመ።

በሬው እልኸኛ የሆነበት ገበሬ ትልሙ ቢጣመም አይፈረድበትም፤ ዕርፉን ጥሎ ቢሄድ ግን ይወቀሳል። በሬው ሥጋችን፣ ዕርፉን የያዘችው እጅ ፈቃዳችን ናት። ደግሞም ደዌ እጅን እስኪያዝል ድረስ የሚጸናበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ወቃሽ አይደለም።

እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እንይዘዋለን። የራሳችንን ቍጣ «ተፈጥሮዬ ነው» እያልን፣ የባልንጀራችንን ኀዘንና ድካም የእምነት ጉድለት እናደርገዋለን። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ደዌውን በእርሱም ሆነ በወላጆቹ ኃጢአት አላመካኘም። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው እንጂ አልገሠጸውም።

እንግዲህ አባቶች ካህናት ሆይ፣ የንስሓ ልጃችሁ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ጸሎትም እንደ ከበደው ቢነግራችሁ፣ ቀኖና ከመጨመራችሁ በፊት ስለ ሥጋው ጤና ጠይቁት። ጸበል ከሐኪም ቤት ጋር አይጣላም። ስለ ሥጋ ድካም ያወቅነው ሁሉ ለባልንጀራችን የምሕረት ምክንያት፣ ለራሳችን ግን የበለጠ የመጠንቀቅ ምክንያት ይሁንልን፤ በሬው እልኸኛ መሆኑን ያወቀ ገበሬ ዕርፉን አጥብቆ ይይዛልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።