በሩጫ መካከል ስለሚያጋጥም መሰናክል

አንባቢ ሆይ፥ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን መንገድ ታውቀዋለህ። በሩቅ አገር ተሽቀዳድመው ያሸነፉ ሯጮች በተመለሱ ጊዜ ሕዝቡ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ቆሞ በእልልታ ተቀብሎአቸዋል። ነገር ግን በዚያው በር የወደቀውም፥ ሰዓቱ ያለፈበትም ሯጭ ይገባል። አሸናፊውን ሁሉ ያመሰግነዋል፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ሁለተኛው ሰው ልጠይቅህ እወዳለሁ። ሰው በሩጫው መካከል ያላሰበው መከራ ቢያገኘው፥ በልቡ የሚነሣውን ቍጣ ምን ሊያደርገው ይገባል?

ነገሩን በምሳሌ ተመልከት፤ ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፍልሃለሁ። በ2008 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ በኤዲንብራ ከተማ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ይሮጥ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሞምባሳ ሙቀት ሩጫውን ሳይፈጽም አቋርጦ ነበርና፥ ይህ ቀን የሚካስበት ቀን ነበረ። ሩጫው ብዙ ሳይሄድ ግን ጫማው ከእግሩ ወለቀበት። ቆመ፤ ጫማውን አጠለቀ፤ በዚያም ጊዜ ብዙ ሯጮች አለፉት። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ጥቂት በጥቂት እየደረሰባቸው ሄደ፥ በመጨረሻም አሸነፈ። በረጅሙ ርቀት ይህ ስድስተኛ ድሉ ሆነ።

እንግዲህ አስተውል። ጫማው በወለቀ ጊዜ ያጣው ጥቂት ሰኮንድ ነው፤ ይህንም ማንም ሊመልስለት አይችልም፥ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና። ነገር ግን ሁለተኛ ኪሳራ በደጅ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ተቈጥቶ የጠፋውን ሁሉ በአንድ ዙር ልመልስ ብሎ ቢፈተለክ ኖሮ፥ ለመጨረሻው የሚያስፈልገውን ትንፋሽ በመካከል ይጨርሰው ነበር። ፊተኛው ኪሳራ ከውጭ መጣበት፤ ሁለተኛው ግን ከገዛ ልቡ ካልሆነ በቀር ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ ትዕግሥት ማለት ኀዘን አለመሰማት አይደለም፤ በአንዱ ኪሳራ ላይ ሁለተኛውን አለመጨመር ነው።

ምናልባት እንዲህ ትል ይሆናል፦ «እርሱስ አሸነፈ፤ የታገሠ ሁሉ ግን ያሸንፋልን?» መልካም ጠየቅህ። በ1967 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሞንዛ የእሽቅድምድም መኪና የሚነዳ ጂም ክላርክ የሚባል ሰው ነበረ። ጎማው ተበላሸበትና ሊያስለውጥ ሲቆም አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ። ተስፋ ሳይቈርጥ ነዳ፤ የጠፋውን ዙር መልሶ ሁሉን ቀደመ። ነገር ግን በመጨረሻው ዙር ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ በሚገባ አልደርስ አለው፥ ሁለት ሰዎችም አልፈውት ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ትዕግሥቱ ከቀነኒሳ ትዕግሥት አላነሰም፤ ዋንጫውን ግን አላገኘም። እንግዲህ ትዕግሥት ዋንጫ የሚገዛበት ገንዘብ አይደለም። የሚታገሥ ሰው የሚታገሠው ስለሚያሸንፍ ሳይሆን፥ በእጁ የቀረው ሥራ ገና የእርሱ ስለ ሆነ ነው።

ደግሞም «እንግዲያስ በደል ሲደረግ ዝም እንበልን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ከሆነ በኋላ፥ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። በ1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋራ ከሞንትሪያል ውድድር ስለ ቀረች ዕድሉ ዳግመኛ አለፈው። በ1980 ዓ.ም. በሞስኮ ግን በ10,000ም በ5,000ም ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም መርምሮ የጥፋቱን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ነገር ግን ለምርመራ ጊዜ አለው፥ ለሩጫም ጊዜ አለው። እየሮጠ የሚከራከር ሰው ክርክሩንም ሩጫውንም ያጣል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እነግርሃለሁ። አበበ ቢቂላ በ1960 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፥ በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን አሸነፈ። በ1969 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በሰንዳፋ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፥ በሸኖ አቅራቢያ፥ የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። እነዚያ እግሮች ከዚያ ወዲያ አልተራመዱም። በዚህ መከራ ላይ የሚመለስ ሰኮንድ፥ የሚጠበቅም ሌላ ሩጫ አልነበረም። እርሱ ግን በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግሩን አጥቶ እጁን አገኘ ብዬ ላጽናናህ አልፈልግም፤ ቀስት የእግር ካሣ አይሆንምና። ነገር ግን የጠፋበትን እያየ የቀረለትን አልጣለም።

አንተ ግን ሯጭ አይደለሁም ትል ይሆናል። ነገ ጠዋት በመገናኛ ወይም በቦሌ መንገድ መኪና ስትነዳ አንዱ ድንገት በፊትህ ይገባብሃል፥ መንገድህንም ይዘጋብሃል። ያን ጊዜ ያጣኸው አንድ ደቂቃ ነው። ጥሩምባህን እየነፋህ፥ እየተሳደብህ ብትከተለው፥ ቍጣህን ይዘህ ወደ ሥራህ፥ ከሥራህም ወደ ልጆችህ ትገባለህ፤ ምንም ያልበደሉህም ዕዳውን ይከፍሉልሃል።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ጫማህ በወለቀ ጊዜ ቁም፤ ጫማህን አጥልቅ፤ ያለፉህንም አንድ በአንድ ተከተል። ብትደርስባቸው መልካም ነው። ባትደርስባቸውም ሩጫህን እስከ መጨረሻው የሮጥኸው አንተ ነህ እንጂ ቍጣህ አይደለም።