ነሐስ እስኪቀልጥላቸው አትጠብቁ

ልጆቼ፣ ለንደን ውስጥ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በስተደቡብ፣ ወደ ቴምዝ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ሦስት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ የውኃ ቱቦ ጨብጠዋል፤ አለቃቸው ክንዱን ዘርግቶ ርዳታ ይጠራል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መታሰቢያ ነው። ወደ ሚሌኒየም ድልድይ ስትጣደፉ አትለፉት። ቁሙና ከእግራቸው ሥር የተጻፈውን ስም አንብቡ። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ከመከበራቸው በፊት ተሰድበዋል፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ እ.ኤ.አ. በ1938 ረዳት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይመለመሉ ጀመር። ታክሲ ነጂው፣ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ ተመዘገበ። የሙሉ ጊዜ ወንዶቹ በሳምንት 3 ፓውንድ ያገኙ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቦምብ ሳይወድቅ ሲቀር ሰው «ከዘመቻ የሸሹ» እያለ ያንጓጥጣቸው ገባ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በ1940 ሴፕቴምበር መጣ። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን 57 ሌሊት ሳያቋርጡ ደበደቧት። እጅግ ከከፉት ሌሊቶች አንዷ ግን ከዚያ በኋላ የመጣችው የዲሴምበር 29 ሌሊት ናት። ተቀጣጣይ ቦምብ እንደ በረዶ ወረደ፤ ዋናው የውኃ መስመር ተበጠሰ፤ ቴምዝም በዚያች ሰዓት ጎድሎ ስለነበር ቱቦው ከውኃው መድረስ አቃተው። ካቴድራሉ በእሳት ተከቦ ሳለ በጣሪያው ላይ የነበሩ ጠባቂዎችና በመንገድ ላይ የነበሩት እሳት አደጋዎች ተጋግዘው አተረፉት። ትናንት «ሸሽቷል» የተባለው ሰው የሚናድ ግድግዳ ሥር ቆሞ ነበር።

ሐውልቱ የተመረቀው ግን በ1991 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 46 ዓመት አልፎ! ሐሳቡን ያመነጨው ራሱ በዚያ ዘመን በእሳት አደጋ ሠራተኛነት ያገለገለው ሲሪል ደማርን ሲሆን፣ ሐውልቱን የሠራው ደግሞ አማቹ ጆን ሚልስ ነው። በጦርነቱ የወደቁ 997 ወንዶችና ሴቶች ስማቸው ተጻፈ። በ2003 በሰላም ጊዜ በሥራ ላይ የሞቱት ከሺህ በላይ ስሞች ተጨመሩበት። የሥራ ጓደኛ ባያስታውስ ኖሮ ማን ያስታውስ ነበር እላለሁ። ስንት እናት የልጇን ስም ተጽፎ ሳታየው ሞታለች! «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ፤ ምስጋናም እንደዚሁ ነው።

ማክበር ማለት ግን ጥፋት ሲኖር አፍ መዝጋት ማለት አይደለም። በ2017 የለንደኑ የመኖሪያ ሕንፃ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል 72 ሰዎች አልቀዋል፤ ከሞቱት ውስጥ የእኛም ወገኖች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ነበሩበት። በ2019 የወጣው የምርመራ ዘገባ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን አመራር ጉድለት በግልጽ ጽፏል። በጭስ በተሞላው አንድ ደረጃ ሽቅብ የወጡትን ሠራተኞች ጀግንነት ግን አልካደም። እናንተም ሁለቱን ለዩ። አለቃን መጠየቅ ያለበት ሰው ይጠይቅ፤ ደረጃ የወጣውን ግን አትርገሙት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አበባ ይዛችሁ ሐውልት ሥር መሄዳችሁ መልካም ነው፤ በሕይወት ያለው ሠራተኛ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። የሳይረን ድምፅ ስትሰሙ መኪናችሁን ዳር አስይዙ። የእሳት አደጋ መኪናውን ከኋላ ተከትላችሁ ባዶውን መንገድ ለመሻማት አትሞክሩ። የሕንፃችሁን መውጫ ደረጃ የዕቃ ማከማቻ አታድርጉት። እሳት በተነሣበት ቦታ ስልክ ደግናችሁ ቪዲዮ ለመቅረጽ የቱቦውን መንገድ አትዝጉ። ጎረቤታችሁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከሆነ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ «እግዜር ይስጥልን» በሉት፤ ልጆቹም ይስሙ።

ለንደን ያላችሁ የጭስ ማስጠንቀቂያችሁን ዛሬ ማታ ፈትሹ፤ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 999 ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ 939ን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ለእናቶቻችሁም መዝግቡላቸው።