የተከልነውን የመጠበቅ አደራ

የአስተንትኖ ንባባት፦ ኢሳ. 41፣17-20፤ ሉቃ. 13፣6-9



ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው ጎብየን አልፎ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፣ በግራው ወደ ደጋው የሚወጣውን የተራራ ሰንሰለት፣ በቀኙም እስከ ዞብል ተራሮች ግርጌ የተዘረጋውን የራያን ሜዳ ይመለከታል። ይህ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቐለ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በመስከረም ወር እጅግ ያማረ ነው፤ ማሽላው በሜዳው ቆሞ፣ ተራራውም ልምላሜ ለብሶ የፈጣሪን ቸርነት ይመሰክራሉ። በግንቦት ወር ግን ያው መንገድ ሌላ መልክ አለው። በተራራው ጎን የተሸረሸረው አፈር፣ በሜዳው ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር የተኛበት እርሻ፣ ዛፍ ከነበረበት ስፍራም የቀረው ጉቶ ይታያል።

እነዚህ ሁለት መልኮች የአንድ ምድር ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከፊሉ የዝናም ጉዳይ ሲሆን ከፊሉ የእኛ የሰዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም፣ በመንገዱ ዳርና በላዩ ባለው ተራራ ላይ የሀገሩን ዛፍና ቁጥቋጦ ለመመለስ ሕዝቡ የሚያደርገውን ጥረት በእምነት ዓይን አብረን እናስተነትን ዘንድ ወደድን።

ነቢዩ የቆጠራቸው ዛፎች

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ለተጠሙ ድሆች የሚያደርገውን ሲናገር በመጀመሪያ ስለ ውሃ፣ ቀጥሎም ስለ ዛፍ ይናገራል። የዛፎቹንም ስም አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከእነርሱም መካከል ግራር፣ የዘይት ዛፍና ጥድ ይገኛሉ። ይህን ንባብ የሮቢት ሰው ሲሰማ ስለ ሩቅ አገር የተነገረ አይመስለውም። ግራር የሜዳው ዛፍ ነው፤ ጥድና የዘይት ዛፍ ዘመድ የሆነው የሀገራችን ወይራ ደግሞ የተራራው ዛፎች ናቸው። እኛም ከእነርሱ ጋር ቁርቁራውን፣ በደኖውን፣ ክትክታውን፣ በወንዝ ዳር የሚበቅለውንም ሾላ እንቆጥራለን።

ስለ ሾላ ካነሣን ዘኬዎስን እናስታውስ። ቁመቱ አጭር የነበረው ይህ ቀራጭ ጌታን ለማየት የቻለው በመንገድ ዳር ከነበረ ሾላ ላይ ወጥቶ ነው (ሉቃ. 19፣1-10)። ያን ሾላ ማን እንደ ጠበቀው ወንጌል አይነግረንም። የጠበቀውም ሰው አንድ ኃጢአተኛ ከዚያ ላይ ሆኖ መድኃኒቱን እንደሚያይ ሊያውቅ አይችልም ነበር። በመንገድ ዳር ለቆመ ዛፍ የሚደክም ሁሉ ለማያውቀው መንገደኛ የሚደክም ነው።

ተራራና ሜዳ እንደ አንድ አካል

የራያ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ አለ። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው ያስገባል። ዝናም በሚያንስበት በዚህ ቆላ ማሽላውና ጤፉ ለፍሬ እንዲደርሱ ይህ የጎርፍ ጠለፋ ትልቅ ድርሻ አለው። ተራራው ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ ሳለ ውሃው ረጋ ብሎ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ሰርጎ ለምንጭና ለጉድጓድ ይተርፋል። ተራራው በተራቆተ ጊዜ ግን ያው ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርስና ቦዩን አፍርሶ፣ እርሻውን በጠጠር ሸፍኖ፣ መንገዱንም ቆርጦ ያልፋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ዓይን እጅን አታስፈልገኝም ሊላት እንደማይችል ያስተምረናል (1ቆሮ. 12፣21)። እንዲሁም በሜዳው የሚያርስ ሰው በተራራው የሚኖረውን ወንድሙን፣ በተራራው የሚኖረውም የሜዳውን ሰው አታስፈልገኝም ሊለው አይችልም። በላይ የተቆረጠው ግራር በታች ያለውን ማሳ ይጎዳልና።

ከታሪካችን የምንማረው

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያሳለፈውን የረሀብ መከራ ከእኛ መካከል ያየው አለ፤ ያላየውም ከወላጆቹ ሰምቶታል። በዚያ ዘመን በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ብዙ ተራራም ከከብት ተከለለ። ነገር ግን ብዙው ሥራ የተሠራው ሕዝቡ ሳይመክርበት በትእዛዝ ነበር። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲያድግ የማን እንደሚሆን ለገበሬው ግልጽ አልነበረም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎና በሌሎችም ስፍራዎች የተከለሉ ተራሮች ተከፈቱ፤ የተተከለውም ደን በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ። የዓመታት ድካም በጥቂት ወራት ጠፋ። ሕዝቡን ጨካኝ ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ የራሱ ያልሆነለትን ነገር ማን ሲጠብቅ አይተናል ብለን እንጠይቅ።

ከዚሁ ጎን ሌላ ምስክር አለ። በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ሄደን አላማጣን ካለፍን በኋላ፣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በግራካሱ ተራራ ያልፋል። ይህን ምዕራባዊ ገመገም ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ገደሉ እንደገና ዛፍና ቁጥቋጦ በለበሰባቸው ስፍራዎች የጎርፍ መውረጃዎቹ እየጠበቡ እንደ መጡ አሳይተዋል። የተጎዳ ተራራ ሊድን እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ መንገድ ላይ በተመላለሰ ጊዜ ከሰው ሕይወትና ከንብረት ጋር ምድሪቱም ተጎዳች። ሰላም በታጣበት ዘመን ነገን አስቦ ችግኝ የሚኮተኩት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለ ምድራችን ስንጸልይ ስለ ሰላምም የምንጸልየው ስለዚህ ነው።

የወይን አትክልት ሠራተኛው ልመና

ጌታችን በምሳሌው ሦስት ዓመት ፍሬ ስላጣባት በለስ ይናገራል። ባለቤቱ ትቆረጥ አለ፤ ሠራተኛው ግን አንድ ዓመት እንድትቆይ ለመነላት። ልመናው በቃል ብቻ አልነበረም፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊያደርግባት ራሱን በሥራ አሰረ። ምሕረትን የለመነ እርሱ ራሱ የምሕረቱ አገልጋይ ሆነ።

በዚህ ምሳሌ ፊት እኛ ራሳችንን ስንመረምር እናፍራለን። በአንድ ሐምሌ ከቅዳሴ በኋላ በዝማሬ ወጥተን ችግኝ ተከልን። ቀኑ ደስ የሚል ነበር፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። በጥር ወር ተመልሰን ብንሄድ ጉድጓዱን እንጂ ችግኙን ለማግኘት ተቸገርን። የገደለው ድርቅ ብቻ ነው እንዳንል፣ ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ አልመደብንም፤ ፍየል እንዳይገባ ከጎረቤት ጋር አልተነጋገርንም፤ የተከልነውም ለዚያ መሬት የሚስማማ መሆኑን አላጣራንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት ማስታወቁን እናስታውሳለን። ብዙ ሺህ እጅ በአንድ ቀን ለመልካም ነገር መነሣቱ ያስደስታል። ሆኖም የእያንዳንዱ ችግኝ ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ ቀን በኋላ በሚመጡት ሁለትና ሦስት በጋዎች ነው።

በዚያው ጉብኝታችን ሌላ ነገር አየን። ማንም ችግኝ ያልተከለበት፣ ነገር ግን የመንደሩ ሽማግሌዎች ተስማምተው ከብት እንዳይገባ ያደረጉት አንድ ተዳፋት ነበር። በመጀመሪያ ሣሩ መጣ፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፤ ከዚያም ሞተ ያልነው የግራርና የወይራ ጉቶ አቆጠቆጠ። ኢዮብ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው፣ የውሃ ሽታም ሲደርሰው እንደሚያቆጠቁጥ የተናገረው (ኢዮ. 14፣7-9) በዓይናችን ፊት ተፈጸመ። ከእኛ በፊት እግዚአብሔር በአፈሩ ውስጥ ዘር አኑሮአል። ወፎችም ይዘሩለታል። ከእኛ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የእርሱን ሥራ እንዳንረግጥ መጠንቀቅ ነው።

የድሀው ድርሻ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር በግልጽ ልንናገር ይገባናል። ተራራ ሲከለል በመጀመሪያ የሚቸገረው ሰፊ መሬትና ብዙ ከብት ያለው ሰው አይደለም። ሁለት ፍየል ያላት መበለት፣ እንጨት ለቅማ ገበያ አውጥታ ልጆችዋን የምታሳድግ እናት፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ናቸው። እነርሱን ነገ ተራራው ይለመልማል ብለን ባዶ እጃቸውን ብንሰድድ፣ የተራቆተውን ወንድሙን በሰላም ሂድ፣ ሙቅ ብሎ ምንም ያልሰጠውን ሰው መሆናችን ነው (ያዕ. 2፣15-16)። እንዲህ ያለው አጥር በሌሊት ይፈርሳል፤ ያፈረሰውንም ለመክሰስ አፍ አይኖረንም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ላውዳቶ ሲ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አንድ ላይ እንድንሰማ አስተምረውናል። በሮቢት ይህ ትምህርት ግልጽ ትርጉም አለው። ከክልሉ የሚታጨደው ሣር ሲከፋፈል የመበለቲቱ ድርሻ ይቅደም። ወጣቶች በክልሉ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ከማሩ ይጠቀሙ። እንጨት የምትለቅመው እናት እንጨት ቆጣቢ ምድጃ እንድታገኝና ሌላ መተዳደሪያ እንድትጀምር ጉባኤያችን ይርዳት። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ በጓሮው ባሕር ዛፍ የተከለውንም ሰው አንነቅፍም፤ ተራራውን ከመቁረጥ ያድነዋልና። ይህ ሁሉ ሲሆን አጥሩ በሰው ልብ ይተከላል።

ከጎረቤቶቻችን ጋር

እኛ ካቶሊካውያን በዚህ አካባቢ በቁጥር ጥቂቶች ነን፤ ተራራውም የሁላችን ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን በአብያተ ክርስቲያናቸው ቅጥር የሀገሩን ዛፍ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውልናል። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመሆን በቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከአጠገቡ ካለው እርሻ ስለ ተለቀመ ማሳው ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በመቃብር ስፍራዎቻቸው ያሉትን ዛፎች በክብር ይጠብቃሉ። በሠርግና በሐዘን የማንለያይ ሕዝብ በተራራው ጉዳይ አብረን ለመምከር ምን ይከለክለናል?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናችሁና በየጸሎት ቤታችሁ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ በትሕትና እናሳስባለን።

1ኛ. ከነሐሴ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 24 ቀን ድረስ ባለው የፍጥረት ጊዜ፣ ልጆችን ይዛችሁ ወደ መንገዱ ዳር ውጡ። የሀገሩን ዛፎች በስማቸው እንዲያውቁ አድርጉ፤ ስሙን የማያውቁትን ነገር መውደድ አስቸጋሪ ነውና።

2ኛ. ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ጠባቂውን መድቡ። ቤተሰብ ሁሉ ሊጠብቅ የሚችለውን ያህል ብቻ ይውሰድ፤ አምስት ችግኝ ተክሎ አራቱን ያሳደገ፣ መቶ ተክሎ ከረሳው ይሻላል።

3ኛ. ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ችግኞቹን ጎብኙ። የደረቀውንም ቁጠሩ፤ ምክንያቱንም ሳትሸሽጉ ተነጋገሩ።

4ኛ. ፓርቴኒየም የተባለው፣ ብዙዎች ቅንጬ አረም የሚሉት ባዕድ አረም በመንገድ ዳር ሲታይ ከማበቡ በፊት ይነቀል። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናልና፣ ካበበ በኋላ ነቅሎ መጣል ማሰራጨት ይሆናል። ቆዳን ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይነካ፤ ሕፃናትም ይህን ሥራ አይሥሩ።

በመጨረሻም፣ የተወደዳችሁ፣ በግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴአችን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውሃ፣ ስለ ምድርም ፍሬ እንለምናለን። ይህን ልመና አሜን ብለን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ዝናሙ የሚያርፍበት ምድር በምን ሁኔታ እንደሚጠብቀው እናስብ። ዝናሙን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ የሚቀበለውን አፈር በተራራው ላይ የማቆየት አደራ ግን ለእኛ ተሰጥቶናል። የበለሲቱ ሠራተኛ አንድ ዓመት ለምኖ መቆፈሪያውን አነሣ። ለእኛም ዘንድሮ የተሰጠን ዓመት ያ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ሰውን ከምድር አፈር አበጅቶ ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ በውስጧ ያኖረው አምላካችን፣ የራያን ሜዳና ተራሮች ይባርክ፤ ለአገራችን ሰላምን፣ ለእጃችንም ትዕግሥትን ይስጥ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።