ታሪክ ነጋሪው አስቀድሞ ሰሚ ይሁን



በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የእነዚህ አባቶች ሕይወት በገድል ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ተነግሮ ከእኛ ደርሷል። ጌታችንም መንግሥተ ሰማያትን በዘርና በመረብ መስሎ አስተማረ፤ የሐይቅ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ነቢዩ ናታን የድሃውንና የአንዲቱን በግ ታሪክ በነገረው ጊዜ፣ ዳዊት በሌላ ሰው ላይ የፈረደ መስሎት በራሱ ላይ ፈረደ። እንግዲህ መንፈሳዊ ታሪክ ሰሚውን ወደ ራሱ ልብ ይመልሰዋል እንጂ በጎረቤቱ ላይ አያስነሣውም። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ይጠጣሉ። በዚያ መካከል የሌላውን እምነት የሚያዋርድ ተረት፣ የሰውንም ምስጢር የሚያወጣ ምሳሌ፣ ሳቅ ቢያስገኝም ወንጌል አይደለም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1975 የዘመናችን ሰው ከመምህር ይልቅ ምስክርን በፈቃዱ እንደሚሰማ አሳስበዋል። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ፦ ታሪኩ እውነት ነውን? ሰሚውን ያከብራልን? አስቀድሞስ የእኛን ልብ ነክቷልን?

ቃሉን በሕይወታችን እንድንተርከው እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።