«መልሳቸው» ወይስ «መልሰን»?

የክርስቲያኖችን አንድነት የሚጠላ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ለአንድነት ስንጸልይ ማን እንዲለወጥ ነው የምንለምነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን «ጌታ ሆይ፣ እነሱን መልሳቸው» ነው የምንለው።

ይሄ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። እኛ ለከተራ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን፣ ከጃንዋሪ 18 እስከ 25፣ በብዙ አገር ስለ አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ሐሳቡ ሌሎቹ ወደ ሮም እንዲመለሱ ነበር። በ1930ዎቹ ግን ፖል ኩቱሪዬ የተባሉ የሊዮን ከተማ ካቶሊካዊ ቄስ ልመናውን ቀየሩት፤ አንድነቱ ክርስቶስ እንደወደደና በወደደው መንገድ ይምጣ አሉ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እምነቱን ሳይለቅ «አሜን» ማለት ይችላል።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች በሁለት ሲኖዶስ ሲከፈሉ፣ እምነቱም ቅዳሴውም አንድ ነበር። ልዩነቱ የሚሰማው በጸሎቱ መካከል የፓትርያርኩ ስም ሲጠራ ነው። ውጭ አገር አንዱ አጥቢያ የአንዱን፣ ሌላው የሌላውን ያነሣል፤ «ገለልተኛ» የሚባልም ነበር። ጸሎቱ ራሱ የመለያያ ምልክት ሆኖ አረፈው! በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ሲወርድ ታዲያ፣ የአቡነ መርቆሬዎስም የአቡነ ማትያስም ስም በጸሎት እንዲነሣ ተስማሙ። ቁስሉ በነበረበት ቦታ መድኃኒቱ ተደረገ።

«ያስታረቁት ሽማግሌዎች ናቸው እንጂ ጸሎት ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጸሎት የሽማግሌን ሥራ አይተካም፤ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን የዶግማ ልዩነትም እንዳልነበረ አያደርግም። ሊቃውንቱ ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው። ነገር ግን «እኔ አንዳች ጥፋት የለብኝም» ብሎ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ሲታረቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያንን ልብ ቀድሞ የሚያለዝበው ጸሎት ነው።

«መልሳቸው» ስንል እግዚአብሔርን የወገናችን ጠበቃ አድርገን መቅጠራችን ነው። «መልሰን» ስንል ግን ከባላጋራችን ጎን፣ እኩል ፊቱ እንቆማለን። የሚከብደው ይሄኛው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለአንድነት የተጸለየ ጸሎት የሚባለውም ይሄኛው ብቻ ነው።