ፊቷ የማን ነው?



በዚህ ወረቀት ላይ ስለ አገር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ተስፋ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ጎን ሲቆም ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገሩ የሴት ልጅ የፊት ፀጉር ነው፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚታየው ሪዝ፣ በአገጭና በመንጋጋ ሥር የሚበቅለው ጢም። «ለዚህ ደግሞ ወረቀትና ቀለም ይባክናል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ስለ ሸክም ክብደት የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው። መልሱን እያወቀች ወደ ጥቁር ሰሌዳ ላለመውጣት አንገቷን የምትደፋ፣ ስትናገር አገጯን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጃገረድ በክፍላችን እስካለች ድረስ ጉዳዩ የትምህርት ጉዳይ ነው። በአንድ መጠለያ የሚኖሩ ሦስት ሴቶች በአንድ ምላጭ እስከተጠቀሙ ድረስም የጤና ጉዳይ ነው። ከሁለቱም ሥር ግን አንድ የሞራል ጥያቄ አለ። ሴት የፊቷን ፀጉር ብታነሣ ምን ታጠፋለች? ብትተወውስ ምን ታጠፋለች? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

አስቀድመን ስለ ነገሩ እውነታ ጥቂት እንበል፤ ያለ ዕውቀት የሚሰጥ ፍርድ ሐሜት ነውና። ከመዳፍ፣ ከእግር መርገጫና ከከንፈር በስተቀር የሰው ገላ ሁሉ፣ የወንድም የሴትም፣ ፀጉር አለው። ጢምን የሚያጠነክረው «አንድሮጅን» የተባለው ሆርሞን በሴትም ገላ ውስጥ በመጠኑ ይገኛል። ለመውለድ በሚያበቃ ዕድሜ ላይ ካሉት 100 ሴቶች መካከል ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በወንድ ዓይነት ቦታ ላይ ጠንካራና ጥቁር ፀጉር እንደሚያበቅሉ ሐኪሞች ይገምታሉ። ዋነኛው ምክንያት «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ» የተባለው፣ ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1935 በጽሑፍ ያስረዱት የሆርሞን መዛባት ነው። ከእናት የሚወረስም አለ፤ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣም አለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። እንግዲህ ጢም ያላት ሴት የተረገመች፣ ሴትነቷ የጎደለ ወይም ጠባይዋ የከፋ አይደለችም። ገላዋ የገላን ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በዙሪያችን ሦስት ዓይነት ወቀሳ ይሰማል።

የመጀመሪያው ወቀሳ «ራሽን በሚጠበቅበት ቦታ ስለ ሪዝ መጨነቅ ቅንጦት ነው» ይላል። ለዚህ መልሱን የሚሰጠን የሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነው። ስደተኛ በሰፈረበት ቦታ ገበያው በወጉ ሳይቆም እርሱ በዛፍ ጥላ ሥር መስታወቱን ይሰቅላል። ጢሙን ሊላጭ የተቀመጠውን ወንድ «ተቀናጣህ» ያለው የለም፤ ንጽሕናና ክብር ይባልለታል። ለወንዱ ክብር የተባለው ለሴቷ ቅንጦት የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ሰው ቤቱንና መሬቱን ሲያጣ የራሴ ብሎ የሚያዝበት የመጨረሻው ርስት ገላው ነው። በዚያ ርስት ላይ የምታደርገው ጥቂት ሥራ የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ሊናቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ወቀሳ «ፍጥረትን መለወጥና ማታለል ነው» ይላል። ነገር ግን ፍጥረት እንዳለ ይቀመጥ ከተባለ የአገራችን ወግ ምን ይተርፈዋል? የሕፃኑን ራስ ላጭተን ቁንጮ እናስቀራለን፤ የልጅቷን ጆሮ እንበሳለን፤ እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን ተነቅሰዋል፤ ሹሩባው፣ እንሶስላው፣ ኩሉ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ቅንድብ መቀንደብን የከለከሉት የ13ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ኢማም ነወዊ እንኳ ጢም ወይም ሪዝ ያበቀለች ሴት ብታነሣው ክልከላው እንደማይነካት ጽፈዋል። ስለ ማታለሉም ቢሆን፣ አንድ ሰው ተታለለ የሚባለው ሊያውቅ የሚገባውን ነገር ሲደብቁት ነው። የአገጯን ነገር የማወቅ መብት ለአላፊ አግዳሚው የሰጠው ማን ነው? ማለዳ የተላጨውን ወንድ «ጢም እንደሌለህ አስመሰልህ» ብሎ የከሰሰ እስካሁን አልሰማንም።

ሦስተኛው ወቀሳ የሚመጣው ከነቁት ወገኖች ነው። «ሴት ፀጉሯን ስታነሣ ለኋላ ቀር አስተሳሰብ ትንበረከካለች፤ እንዳለ ትተወውና ትታገል» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከሁለቱ ይልቅ ክብር ይገባዋል፤ የነውሩ ምንጭ ገላዋ ሳይሆን የሰው አስተያየት መሆኑን ተረድቷልና። ስሕተቱ ሂሳቡን ለማን እንደሚያቀርብ ላይ ነው። የሚሳቅባት እርሷ፣ የምትታገለውም እርሷ፣ ከተሸነፈችም የምትወቀሰው እርሷ ትሆናለች። የሌላውን ጥፋት በራስዋ ፊት እንድታርም ማዘዝ ሁለተኛ ጫና ነው። በፈቃዷ ትታው በአደባባይ የምትሄድ ብትገኝ ድፍረቷን እናደንቃለን፤ ድፍረትን ግን እንደ ግዴታ የመጫን ሥልጣን የለንም።

የተመልካች ዓይን ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። ጁሊያ ፓስትራና በ1834 ገደማ እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ተወለደች፤ ፊቷንና ገላዋን ፀጉር የሸፈነው ሴት ነበረች። መዝፈንና መደነስ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ መናገርም ትችል ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያያት ግን ስለ ፊቷ ነበር፤ ትርኢቱን የሚመራውም ሰው አገባት። እ.ኤ.አ. በ1860 በሞስኮ ወልዳ ሕፃኑም እርሷም ሲሞቱ፣ ባሏ ሁለቱንም ሬሳ አስደርቆ ማሳየቱን ቀጠለ። አስከሬኗ በአገሯ አፈር የተቀበረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። 153 ዓመት ሙሉ ነውር የነበረው በማን ላይ ነው? በፊቷ ላይ ወይስ ከፍለው ባዩት ላይ?

ተመልካች ኀፍረትን ሲፈጥር ነጋዴ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ «ትራይኮ» በተባለ ዘዴ የሴቶችን ፊት በራጅ ጨረር እየመቱ ፀጉር ያረግፉ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በቆዳቸው ላይ ቁስልና ካንሰር የወጣባቸው ብዙዎች ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ «ኮረምሉ» የሚባል ቅባት ተሸጠ፤ በውስጡ የነበረው ታሊየም ለአይጥ መግደያ ይውል የነበረ መርዝ ነው። የተቀቡት ሴቶች ነርቫቸውና ዓይናቸው ተጎዳ። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በአካባቢያችን ገበያዎች ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ ፊት ላይም ፀጉር ያበቅላል። ውበት ፍለጋ የተገዛው ቅባት ኀፍረቱን ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ለማንሣት የወሰነች ሴት ያለ ጉዳት ማንሣት የምትችልበትን ዕውቀት ማግኘት አለባት። ዕውቀቱን በ«ነውር ነው» መደበቅ ገላዋን ለመርዝ አሳልፎ መስጠት ነው። በቤት ውስጥ የሚቻለውን በአጭሩ እንጻፍ።

ክር ርካሽ ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ክር በጣት አጣምሮ ፀጉሩን ከሥሩ መንቀል ለሪዝ ይመቻል። ወረንጦ ለጥቂት ለየት ያሉ ፀጉሮች ይበቃል፤ ከመጠቀም በፊት በፈላ ውኃ መቀቀል ያስፈልጋል። ስኳርን በውኃና በሎሚ አንጥሮ የሚሠራው፣ በሱዳን «ሐላዋ» የሚሉት ማጣበቂያም ከሥር ይነቅላል፤ ነገር ግን ትኩሱ ፊትን ያቃጥላልና በክንድ ሳይሞከር ከፊት አይጠጋ። የሚነቅሉት ዘዴዎች ሁሉ አንድ ችግር አለባቸው። የእኛ ዓይነት ጥምዝ ፀጉር ሲያድግ ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባና እብጠትና ጥቁር ምልክት ይተዋል። በአገጭዋ ላይ ይህ የደረሰባት ሴት መንቀሉን ትታ ብትላጭ ይሻላታል። ምላጭ «ጢሙን ያበዛል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ የአናቶሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ባደረጉት ጥናት መላጨት የፀጉሩን ውፍረትም ዕድገትም እንደማይለውጥ አሳይተዋል። የተቆረጠው ጫፍ ድፍን ስለሚሆን ብቻ ሲዳሰስ ይሻክራል። ፊትን በሳሙና አርጥቦ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት ነው። ምላጭ ግን የአንድ ሰው ነው፤ በደም የሚተላለፉት የጉበት በሽታና ኤች.አይ.ቪ. በምላጭ መዋዋስ ሊሻገሩ ይችላሉ። የፀጉር ማርገፊያ ቅባት የምትገዛ፣ ለፊት የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጣ በክንዷ ውስጠኛ ክፍል ትሞክረውና አንድ ቀን ትጠብቅ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም የወር አበባ ከተዛባ ግን ነገሩ የምላጭ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ሴቷ በፈቃዷ እንደምታደርገው የምናውቀው በምንድን ነው? «ብቻዋን ብትኖር ታነሣው ነበርን?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ማንም ሰው ወዶ የሚወደውን ነገር ብቻውን አልተማረውም። እኛ የምናቀርበው መለኪያ ሌላ ነው። አንድ ሳምንት ብትተወው ምን ይደርስባታል? ምንም የማይደርስባት ከሆነ የምታደርገው ጌጥ ነው፤ እንደ ሹሩባዋ ነው፤ ደስ ይበላት። ከውኃ ሰልፍ የምትቀር፣ ከክፍል የምትጠፋ፣ በባሏ ዘንድ የምትናቅ ከሆነ ግን ለዓይናችን ግብር እየከፈለች ነው። ያለ ሕግ የተጣለ ግብር ሲሆን ከፋዩ አይወቀስም፤ የሚጠየቀው አስከፋዩ ነው።

አስከፋዩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወንዶችም ሴቶችም፣ እናቶችም አስተማሪዎችም ነን። እናት ልጇ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ነገሩን አስቀድማ ብታስረዳት፣ አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ ሲሳቅ እንዳልሰማ ባያልፍ፣ ባል በቤቱ ውስጥ ምላሱን ቢገታ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እርዳታ ሰጪም የማያስፈልገው ሥራ ይሠራል። ያን ጊዜ ምላጩን ማንሣቷም ማስቀመጧም የእርሷ ጉዳይ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ስለ ፊቷ የምንጠየቀው እኛ ነን።